የጠረጴዛ ኤንኤምአር ላይ ፒኩ ከላይ ቀጭን፣ ከሥሩ ሰፊ ሆነብኝ፤ ሺሙ ነው ወይስ ናሙናው?

ቡና ላብ

ሰላም ለሁላችሁ። ኤንኤምአር (ናሙናን ማግኔት መስክ ውስጥ አስገብቶ ውስጡ ያሉትን ውህዶች የሚያሳይ መሣሪያ) ላይ የሚሠራ ሰው እዚህ ካለ እባካችሁ እህታችሁን እርዱ፤ ነገሩ እንቅልፍ እየነሳኝ ነው።

ላባችን ውስጥ አንዲት 60 ሜጋኸርዝ የጠረጴዛ ኤንኤምአር አለች። በፈሳሽ ሂሊየም የሚቀዘቅዘው ትልቁ ዓይነት አይደለችም። በቋሚ ማግኔት የምትሠራ፣ 1.4 ቴስላ አካባቢ የመስክ ጥንካሬ ያላት ናት። የምሠራው ቡና ላይ ነው። ውጭ አገር «የኢትዮጵያ ቡና» ተብሎ ተቆልቶና ተፈጭቶ በሚሸጥ ፓኬት ውስጥ ሮቡስታ ተቀላቅሎ እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። የኛ ቡና አረቢካ ነው። በስሙ ሌላ ነገር ከተሸጠ የሚጎዳው ገበሬው ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ያላጠፋ ሻጭ በስህተት መወንጀልም ከባድ ነገር ነው። ስለዚህ እርግጠኛ ሳልሆን አፌን መክፈት አልፈልግም።

የምፈልገው ውህድ 16-ኦ-ሜቲልካፌስቶል ይባላል። ሮቡስታ ውስጥ በደንብ አለ፤ አረቢካ ውስጥ ቢኖር እንኳ እጅግ ጥቂት ነው። የቡናውን ዘይት በክሎሮፎርም አውጥቼ ስለካው የሜቶክሲው (የውህዱ አንድ ክፍል) ፒክ፣ ማለትም ማሽኑ በሚያወጣው ግራፍ፣ በስፔክትረሙ፣ ላይ ያለው ሹል መስመር፣ 3.16 ፒፒኤም (የስፔክትረሙ የቦታ መለኪያ፤ በኛ ማሽን 1 ፒፒኤም 60 ኸርዝ ነው) ላይ መታየት አለበት። በ60 ሜጋኸርዝ አረቢካንና ሮቡስታን መለየት እንደሚቻል ኖሪች፣ እንግሊዝ ያሉ ተመራማሪዎች አሳትመዋል፤ ስለዚህ መንገዱ የታወቀ ነው።

ችግሩ ክሎሮፎርሙ ካፌይኑንም ይዞት ይወጣል። አንዱ የካፌይን ሜቲል 3.4 ላይ ነው። በሁለቱ መካከል 0.25 ፒፒኤም ገደማ አለ፤ በኛ ማሽን 15 ኸርዝ ማለት ነው። 15 ኸርዝ በቂ ይመስላል። ግን የካፌይኑ ፒክ በቀኝ በኩል፣ ማለትም ወደ ዝቅተኛው ፒፒኤም፣ ረጅም ጅራት አለው፤ ጅራቱ ሄዶ ሄዶ 3.16ን ይሸፍነዋል። አንዳንድ ቀን ጅራቱ ላይ እብጠት ነገር አያለሁ። ሮቡስታ ይሁን የማሽኑ ጣጣ መለየት አልቻልኩም።

አውቶሺም (ሶፍትዌሩ ራሱ የሚያደርገው ሺም፣ ማለትም የማግኔቱን መስክ እኩል የማድረግ ማስተካከያ) ደጋግሜ አስኬድኩ። ሶፍትዌሩ የግማሽ ከፍታ ስፋቱ 0.8 ኸርዝ ነው፣ ጥሩ ነው ይለኛል። ጅራቱ ግን አለ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ደግሞ ይብስበታል።

ማግኔቱ ተበላሽቶ ነው? በእጄ ሺም ላድርግ? ወይስ ናሙናዬ ነው?

ማግኔት ቤት

እህቴ አይዞሽ፤ ማግኔቱ የተበላሸ አይመስለኝም። እኔ ጀርመን ነው ያለሁት፤ ሥራዬ ቋሚ ማግኔት መገጣጠም ነው፣ ስለዚህ ከማግኔቱ በኩል ያለውን ልንገርሽ።

የነዚህ ማሽኖች ልብ አብዛኛውን ጊዜ የሃልባክ አደራደር ነው። ስሙን ያገኘው በርክሌይ ላብራቶሪ ይሠራ ከነበረው ከክላውስ ሃልባክ ነው። የማግኔት ቁርጥራጮች ክብ ሠርተው ይደረደራሉ፤ የእያንዳንዱ አቅጣጫ ከጎረቤቱ ትንሽ እየዞረ ይሄዳል። መሃል ላይ ጠንካራና እኩል መስክ ይፈጠራል፣ ወደ ውጭ ግን ከሞላ ጎደል ምንም አይወጣም። በወረቀት ላይ እንዲህ ነው። በእጅ ሲሆን ግን ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ቀን የወጡ የኒዮዲሚየም ቁርጥራጮች እንኳ በጥንካሬ ይለያያሉ፤ አቅጣጫቸውም በትንሹ ያዘነብላል። ስለዚህ ገና ሲገጣጠም መስኩ በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች ፒፒኤም (ከሚሊዮን አንድ እጅ) የተዛባ ነው። አንቺ የምትፈልጊው 0.5 ኸርዝ ከ60 ሚሊዮን ኸርዝ ላይ ነው። ከ0.01 ፒፒኤም በታች ማለት ነው። ከሺህ ወደ መቶኛ መውረድ ቀልድ አይደለም።

የሚወረደው በደረጃ ነው። መጀመሪያ በሜካኒክ፦ ቁርጥራጮቹን ገፋ፣ ሳብ ማድረግ። እ.ኤ.አ. በ2010 አኽን፣ ጀርመን ያሉ ተመራማሪዎች ይህን በደንብ አሳይተዋል። በሃልባኩ ቀለበት ውስጥ የሚንቀሳቀሱ ቁርጥራጮች አስገብተው፣ በ0.7 ቴስላ መዳፍ የሚያክል ማግኔት፣ ተራውን የ5 ሚሊሜትር ቲዩብ ተጠቅመው ጥርት ያለ ስፔክትረም አወጡ። ከዚያ በኋላ የቀረችው ጥቂት መዛባት በኤሌክትሪክ ኮይሎች ትስተካከላለች። አንቺ ሶፍትዌሩ ላይ የምትነኪው ይህን የመጨረሻውን ደረጃ ብቻ ነው። ኮይሎቹ አቅማቸው ውስን ነው። ብዙ ከረንት ከለቀቅሽባቸው ይሞቃሉ፤ ሙቀቱ ደግሞ ዞሮ ማግኔቱን ያዛባዋል።

አሁን ወደ መብራቱ ልምጣ፤ ዋናው ነገር እዚህ ያለ ይመስለኛል።

ኒዮዲሚየም በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ጥንካሬው ወደ 0.11 በመቶ ይቀንሳል፤ 1100 ፒፒኤም ነው። የአንድ ዲግሪ አንድ ሺህኛ ብቻ ቢለወጥ መስኩ በ1.1 ፒፒኤም ይንሸራተታል፤ በአንቺ ማሽን 66 ኸርዝ። የአንድ ዲግሪ አንድ መቶኛ ቢለወጥ ደግሞ ስፔክትረሙ በሙሉ ስፋቱ ልክ ይሸሻል። ሌላው የማግኔት ዓይነት፣ ሳማሪየም ኮባልት፣ የተሻለ ነው፣ ለውጡ ሲሶ ያህል ነው፣ ግን ደካማና ውድ ነው። ለዚህ ነው ማሽኑ ማግኔቱን ሌትና ቀን በአንድ ሙቀት የሚይዘው፤ የተረፈውን መንሸራተት ደግሞ ሎኩ፣ ማለትም መስኩን የሚከታተለው የማሽኑ ክፍል፣ እየተከተለ ያርማል።

ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። ሎኩ የሚያርመው መላው መስክ አብሮ ሲንሸራተት ብቻ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ግን ማግኔቱ በሙሉ እኩል አይሞቅም። ማሞቂያው ያለበት ጎን ይቀድማል፣ መሃሉ ይዘገያል። አንዱ ጎን ከሌላው በጥቂት ሺህኛ ዲግሪ ከተለየ በናሙናው ላይ የመስክ ተዳፋት ተፈጠረ ማለት ነው። ያንን ሎክ አያየውም። ስክሪኑ ላይ «ሙቀት ተስተካክሏል» ቢልሽ እንኳ ቴርሞሜትሩ የሚያውቀው እሱ ያለበትን ቦታ ብቻ ነው። ውስጡ እስኪረጋ ሰዓታት ይፈልጋል።

ስለዚህ መብራት እንደመጣ አውቶሺም አታስኪጂ። በዚያ ሰዓት የምታገኚው ቁጥር ለተዛባ ማግኔት የተሰፋ ልብስ ነው፤ ማግኔቱ ሲረጋ አይሆነውም። ይባስ ብሎ ሶፍትዌሩ ያንን ቁጥር በጥሩው ላይ ሊያስቀምጥብሽ ይችላል። ጥሩ ያልሽውን የሺም ፋይል ለብቻ በቀኑ ስም አስቀምጪ። ዩፒኤስ ካላችሁ ደግሞ ቅድሚያ ለማግኔቱ ማሞቂያ ስጡ፤ ኮምፒውተሩ ቢጠፋ ምንም አይደለም። ማሽኗን ከመስኮት ፀሐይና ከኤሲ ንፋስም አርቋት።

የድሮ ስፔክትሮስኮፒስት

ልጄ፣ ከላይ ያለው ወንድምሽ ስለ ሙቀቱ የነገረሽ ትክክል ነው። እኔ ፒኩን እንዴት እንደምታነቢው ልጨምር። ሺም የሚያደርግ ሰው ቁጥር ከመንካቱ በፊት የፒኩን ቅርጽ ማንበብ አለበት፤ ሶፍትዌሩ ይህን አያደርግልሽም።

በመጀመሪያ ቡናውን አውጪው። በቡና ስፔክትረም ላይ ሺም አይፈረድም፤ ፒክ በፒክ ላይ ተደራርቦበታል። አንድ መስመር ብቻ ያለው ናሙና ያስፈልግሻል። በከባድ ውሃ (ሃይድሮጂኑ በከባዱ ዓይነት የተተካ ውሃ) ውስጥ 10 በመቶ ያህል ተራ ውሃ ያለበት ቲዩብ ይበቃል። እሱን ለኪና የግማሽ ከፍታውን ትተሽ ወደ ታች ውረጂ። ስፋቱን በ50 በመቶ፣ ቀጥሎ በ0.55 በመቶ፣ ከዚያ በ0.11 በመቶ ከፍታ ላይ ለኪ። እነዚህ ቁጥሮች ከሜዳ የመጡ አይደሉም። ካርበን-13 (ከተራው ካርበን ትንሽ የሚከብደው ዓይነት) በተፈጥሮ ከካርበኑ ሁሉ 1.1 በመቶ ነው፤ በሱ ምክንያት ከዋናው መስመር ግራና ቀኝ የሚቆሙት ሁለቱ ትንንሽ ፒኮች፣ ሳተላይቶቹ፣ እያንዳንዳቸው ግማሹን፣ 0.55 በመቶ፣ ይይዛሉ። ከዚያ ከፍታ በታች ያለው እግር ሰፊ ከሆነ ጥቃቅን ነገር አይታይም። አንቺ የምትፈልጊው ደግሞ ጥቃቅኑን ነው። 0.8 ኸርዝ የሚለው ቁጥር ስለ ጫፉ እንጂ ስለ እግሩ ምንም አይነግርሽም።

አውቶሺሙ እግሩን ለምን ይተወዋል? አብዛኞቹ የሚሠሩት በሲምፕሌክስ (ቁጥሮችን እየሞከረ የተሻለውን የሚፈልግ የሒሳብ ዘዴ) ወይም በሱ ዘመድ ነው። ሪቻርድ ኧርንስት እ.ኤ.አ. በ1968 ለሺም ያሳየው መንገድ ነው፤ እስካሁን ይሠራል። ኮምፒውተሩ አንድ ቁጥር ይዞ፣ ብዙ ጊዜ የፒኩን ከፍታ ወይም የሲግናሉን ርዝመት፣ እሱን ለማሳደግ ይጥራል። ከሲግናሉ ጥቂቱ ብቻ ወደ ሰፊ እግር ቢሄድ ከፍታው ብዙም አይቀንስም። ስለዚህ ከፍታ ለሚፈልግ አልጎሪዝም እግሩ የለም ማለት ይቻላል። ሶፍትዌርሽ መስፈርቱን መምረጥ የሚያስችል ከሆነ ግቢና እዪ።

አሁን ቅርጹ። መስኩን በተዋረድ እንከፋፍለዋለን፦ ቀጥተኛ ተዳፋት፣ ከዚያ በካሬ የሚሄድ፣ በኩብ የሚሄድ፣ በአራተኛ ደረጃ የሚሄድ እያልን። ማርሴል ጎላይ እ.ኤ.አ. በ1958፣ ዌስተን አንደርሰን በ1961 ኮይሎቹን በዚህ መሠረት ነደፏቸው። ቲዩቡን ተከትሎ የሚሄደውን ዜድ ልበለው። ዜድ1ና ዜድ3፣ ማለትም ጎዶሎዎቹ፣ ፒኩን በግራም በቀኝም እኩል ያሰፉታል፤ ከቲዩቡ ግማሽ ላይ መስኩ ከፍ ሲል ከሌላው ግማሽ ላይ ዝቅ ስለሚል ነው። ዜድ2ና ዜድ4፣ ሙሉዎቹ፣ ግን ከላይም ከታችም ጫፍ መስኩን ወደ አንድ አቅጣጫ ይወስዱታል። ጅራቱ በአንድ ጎን ብቻ ይወጣል። አንቺ የነገርሽን ጅራት በቀኝ ብቻ ነው። እንግዲህ የምትጠረጥሪው ሙሉዎቹን ነው። ጅራቱ ወደ ፒኩ ጫፍ ቀረብ ካለ ዜድ2፣ ከእግሩ ዝቅ ብሎ ረጅም ከሆነ ዜድ4። ደረጃው ከፍ ባለ ቁጥር ጉድለቱ ወደ ፒኩ ሥር ይወርዳል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የትልቁን ማግኔት መጻሕፍት አንብበሽ ከሆነ እዚያ ዋናው መስክ ከቲዩቡ ጋር አብሮ ነው የሚሄደው። በሃልባክ ማግኔት ግን መስኩ ቲዩቡን አቋርጦ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ሶፍትዌርሽ «ዜድ» የሚለው የትኛውን እንደሆነ ማኑዋሉን እዪ፤ አምራቾቹ አንድ ዓይነት አጠራር የላቸውም።

በእጅ ስታደርጊ ዜድ2ን ለብቻው አትንኪው። የናሙናሽ መሃል ከኮይሉ መሃል ጋር በትክክል አይገጥምም፤ በትንሽ ርቀት ፈቀቅ ያለ ካሬ ደግሞ ሲዘረዘር ቀጥተኛ ተዳፋት ይወልዳል። ስለዚህ ዜድ2ን በነካሽ ቁጥር ዜድ1 ይበላሻል፤ ፒኩ የባሰበት ይመስልሻል፣ ትደነግጫለሽ፣ ትመልሺዋለሽ። አትመልሺው። ዜድ2ን አንድ እርምጃ ውሰጂ፣ ዜድ1ን እንደገና እስከ ጥጉ አስተካክዪ፣ ከዚያ ነው የምትፈርጂው። ዜድ4ን ስትነኪ ደግሞ ዜድ2ንም ዜድ1ንም እንደገና። ጅራቱ ከቀኝ ወደ ግራ ከዞረ አልፈሽዋል ማለት ነው፤ ግማሽ መንገድ ተመለሺ። አብዛኞቹ የጠረጴዛ ማሽኖች ቲዩቡን ስለማያሽከረክሩ የኤክስና የዋይ (የጎን አቅጣጫዎቹ) ጉድለትም ተደርቦ ይታያል፤ እነሱንም በመጨረሻ ዙሪያቸው።

ናሙናውንም እንዳትረሺ። ፈሳሹ በቲዩቡ ውስጥ አጭር ከሆነ የፈሳሹና የአየሩ ድንበር ወደ መለኪያው ቦታ ይጠጋል፤ ፈሳሽና አየር ለመግነጢስ ያላቸው ምላሽ ስለሚለያይ መስኩ እዚያ ይታጠፋል። አምራቹ በሚለው ቁመት ሙዪው፣ ሁልጊዜም እኩል ይሁን። የአየር አረፋ ካለ አራግፊ። የቡናው ዘይት ውስጥ ደቃቅ ዱቄት ከቀረ አጥሪው። ብረት ነክ ነገር ከገባበት ደግሞ የዓለም ሺም ቢሰበሰብ አያድነውም። ሲግናሉን የምትሰበስቢበት ጊዜም አጭር እንዳይሆን፤ ሳያልቅ የተቆረጠ ሲግናል በፒኩ እግር ላይ ሞገድ ይሠራል፣ ያንን ደግሞ ሰው ሺም እየመሰለው ይደክማል።

ቡና ላብ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ማግኔት ቤት፣ አንተም ተባረክ።

ያላችሁትን አደረግኩ። መብራት ሳይጠፋ ካደረ በኋላ ጠዋት ውሃውን ለካሁ። ጅራቱ ውሃው ላይም አለ! በዚያው በቀኝ በኩል። ቡናው ነጻ ወጣ ማለት ነው፤ ቢያንስ ለዋናው ጅራት። መብራት በጠፋ ማግስት የለካሁትን የድሮ ፋይል አውጥቼ ሳወዳድር ደግሞ ያኔ ፒኩ በሁለቱም ጎን ሰፍቶ ነበር። ያ የሙቀቱ ተዳፋት ይመስለኛል፤ በቀኝ ብቻ ያለው ጅራት ግን ሁልጊዜ ነበረ። ሁለት ችግር ነበር፣ እኔ እንደ አንድ አየው ነበር።

ከዚያ ጋሼ እንዳሉት ዜድ2ን እየነካሁ ዜድ1ን መልሼ መልሼ አስተካከልኩ። መሃል ላይ በጣም ከፋ፤ ባያስጠነቅቁኝ ኖሮ አቆመው ነበር። በኋላ ግን ጅራቱ በግልጽ አጠረ። የግማሽ ከፍታው ቁጥር ብዙም አልተለወጠም፣ 0.55 በመቶ ላይ ያለው ስፋት ግን በጣም ቀነሰ። አውቶሺሙ ይህን ጭራሽ እንዳላየው አሁን ገባኝ።

የቀረ አንድ ነገር አለ። እኔ ራሴ ከምንጩ የማውቀውን ንጹህ አረቢካ ቆልቼ ለካሁ። ካፌይኑ አሁን ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ግን 3.1 አካባቢ ትንሽ ጉብታ አለች። አረቢካ ውስጥ ያ ነገር ምን ይሠራል? አሁንም ሺም ይቀረኛል?

ኮድ በቡና

ለምን ያን ያህል ትደክሚያለሽ? ቲኤምኤስ (ለማነጻጸሪያ የሚጨመር ውህድ) ጨምሪበት፤ አንድ ቀጭን መስመር ነው፤ በሪፈረንስ ዲኮንቮሉሽን የሱን ቅርጽ ወስደሽ መላውን ስፔክትረም አርሚው። የመስኩ መዛባት ሁሉንም ፒክ እኩል ስለሚነካ በሒሳብ መመለስ ይቻላል። ፓይተን ላይ ጥቂት መስመር ነው።

የድሮ ስፔክትሮስኮፒስት

ዘዴው እውነተኛ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን በሺም ቦታ አይገባም። ሲግናሉ በመዛባቱ ቶሎ ከሞተ ሒሳቡ የሞተውን ጫፍ ያጎላል፤ ጫፉ ላይ ያለው ደግሞ በብዛት ኖይዝ (የዘፈቀደ ረብሻ) ነው። ለትልቅ ፒክ ችግር የለውም። ለ3.16ዋ ትንሽ ፒክ ግን ኖይዙ ከፒኩ በላይ ሊሆን ይችላል። ደግሞ ቲኤምኤሱ ዙሪያ ሌላ ፒክ እንዳይኖር፣ የራሱ የሲሊኮን-29 ሳተላይቶችም እንዳይረሱ። መጀመሪያ ማግኔቱን አስተካክላ ከዚያ የቀረችውን ጥቂት በሒሳብ ብታርም እደግፋለሁ።

ቅመማ ቅመም

ስለ 3.1ዋ ጉብታ እኔ ልመልስ፤ የተፈጥሮ ዘይቶች ላይ ስለምሠራ ይህቺን ጉብታ አውቃታለሁ። ሺም አይደለችም፤ እባክሽ እሷን ለማጥፋት ዜድ4ን እንዳታበላሺው።

ጋሽ የድሮ ስፔክትሮስኮፒስት ከላይ ሳተላይት ብለው የጠቀሱት ነገር ናት። የቡናው ዘይት በብዛት ትራይግሊሰራይድ ነው። ከድርብ ቦንዱ አጠገብ ያለው የሲኤች2 ፒክ 2.05 አካባቢ ላይ ትልቅ ሆኖ ይቆማል። የካርበን-13 ሳተላይቶቹ ከሱ ግራና ቀኝ በ63 ኸርዝ ገደማ ይርቃሉ። ይህ ርቀት በኸርዝ አይለወጥም። በ600 ሜጋኸርዝ ማሽን 0.1 ፒፒኤም ብቻ ስለሆነ ከዋናው ፒክ ሥር ተጠግቶ ይቀራል፤ ማንም አያስበውም። በ60 ሜጋኸርዝ ግን ያው 63 ኸርዝ ከ1 ፒፒኤም ይበልጣል። 2.05 ላይ 1.05 ጨምሪ፤ 3.1። እዚያው ነው ያየሻት።

ይህ ለአንቺ ሥራ ወሳኝ ነው። 3.1 ከ3.16 የሚርቀው 4 ኸርዝ ያህል ብቻ ነው። ዘይቱ ሁልጊዜ አለ፣ ሳተላይቱም ሁልጊዜ አለ። በትልቅ ማሽን ላይ የተሠራ ጽሑፍ ይህን አያስጠነቅቅሽም፤ እዚያ ችግሩ የለምና። የጠረጴዛ ማሽንሽ ካርበን ቻናል (ካርበንን የሚነካ ክፍል) ካላት ፕሮቶኑን (የሃይድሮጂኑን ሲግናል) እየሰበሰብሽ ካርበኑን ዲካፕል አድርጊ፣ ማለትም ተጽዕኖውን በሬዲዮ ሞገድ አጥፊ፤ ሳተላይቶቹ ወደ ዋናው ፒክ ይሰበሰባሉ። ጉብታዋ ከጠፋች ሳተላይት ነበረች። ካልጠፋች እንደገና እንነጋገር። ዲካፕል ስታደርጊ ናሙናው ይሞቃል፣ ሙቀቱ ደግሞ መስመሩን ያሰፋዋል፤ ኃይሉን ዝቅ አድርጊው።

ካርበን ቻናል ከሌላት ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። የምታውቂውን ንጹህ አረቢካና የምታውቂውን ንጹህ ሮቡስታ ለየብቻ አውጪ። በአረቢካው ላይ ከሮቡስታው በታወቀ መጠን እየጨመርሽ ለኪ። 3.16 ላይ እየጨመረ የሚያድገው ያ ነው የምትፈልጊው። 3.1 ላይ ሳታድግ በቦታዋ የምትቆመው የዘይቱ ናት።

ቡና ላብ

ወይ ጉድ! 600 ላይ የተሠሩትን ስፔክትረሞች ጎን ለጎን አስቀምጬ ስፈልጋት ነበር። ለካ እዚያ አትገኝም።

ማሽናችን ካርበን ቻናል አላት። ነገ ዲካፕል አድርጌ አያለሁ። የሮቡስታ ፍሬም ከሚያውቅ ሰው እጠይቃለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ የፓኬቶቹ ልኬት ሳምንታት ይወስዳል፤ መብራቱ ደግሞ እንደምታውቁት ነው። ሺሙ በየቀኑ አንድ ዓይነት እንደነበረ ለገምጋሚ እንዴት ነው የማሳየው?

ማግኔት ቤት

በየቀኑ ጠዋት ከቡናው በፊት ያንኑ የታሸገ የውሃ ቲዩብ ለኪ። ቲዩቡን አትቀይሪው። ወደ ማሽኑ ከገባ በኋላ ሙቀቱ ከማግኔቱ ጋር እስኪመጣጠን ጠብቂ፤ ቀዝቃዛ ቲዩብ ውስጥ ፈሳሹ ይዞራል፣ መስመሩም ይሰፋል። ሦስቱን ስፋቶች መዝግቢ፦ በ50፣ በ0.55 እና በ0.11 በመቶ። ከራስሽ ጥሩ ቀን ተነስተሽ ገደብ አውጪ፤ የ0.55ቱ ስፋት ከገደቡ ካለፈ በዚያ ቀን ቡና አይለካ። ገደቡን ደግሞ ውጤቱን ከማየትሽ በፊት ወስኚው እንጂ በኋላ አይሁን።

መብራት ከጠፋ ከዚያ በኋላ ያለውን ቀን ዝለዪው፣ ወይም ውሃው ገደቡ ውስጥ እስኪገባ ጠብቂ። አውቶሺም በዚህ መሃል አታስኪጂ። ረግቶም ካልገባ ያስቀመጥሽውን ጥሩ ፋይል ጫኚ፤ ከዚያ ዜድ1ን ብቻ ነክተሽ እዪ። አብዛኛውን ጊዜ የሚንቀሳቀሰው ቀጥተኛው ተዳፋት ነው፤ ከፍተኛዎቹ ደረጃዎች የማግኔቱ አሠራር ውስጥ ያሉ ስለሆኑ ቶሎ አይለወጡም።

የእያንዳንዱን ቀን የሺም ፋይልና የውሃውን ጥሬ ሲግናል ከቡናው ፋይል ጋር በአንድ ፎልደር አስቀምጪ። የተሠራውን ስፔክትረም ብቻ አይደለም፤ ጥሬውን። ገምጋሚው የጠየቀሽ ዕለት አውጥተሽ ትሰጪዋለሽ።

የድሮ ስፔክትሮስኮፒስት

ልክ ነው። አንድ ነገር ልጨምር ልጄ፦ ፓኬቶቹን ስትለኪ ቅደም ተከተላቸውን አደባልቂው። ንጹህ አረቢካውን ሁሉ በአንድ ሳምንት፣ የተጠረጠሩትን ሁሉ በሌላ ሳምንት ከለካሽ የማግኔቱ ለውጥ የቡና ልዩነት መስሎ ይወጣል። በየቀኑ ከሁለቱም ይኑር። ዲካፕሉ ያሳየሽን ደግሞ እዚሁ ጻፊልን።